ጥያቄና መልስ፦ መራራውን አበባ ለቅማችሁ አታውጡት

ስለ ህንዶች አዲስ ዓመት በጨረፍታ ካነሳሁ ወዲህ ደብዳቤው ዘነበ። ከቪሻካፓትናም፣ ከሻርጃ፣ ከድሬዳዋ፣ ከፑኔ። ረጃጅሞቹን አሳጥሬ ፍሬ ነገራቸውን ብቻ ወስጃለሁ። ላልሰማችሁ፦ ኡጋዲ በደቡብ ህንድ የአንድራ ፕራዴሽ፣ የቴላንጋናና የካርናታካ ሰዎች አዲስ ዓመት ነው። ቻይትራ የሚሉት ወር የሚገባበት ቀን ነው። ዘንድሮ፣ በ2018 ዓ.ም.፣ መጋቢት 10 ዋለ። ቪሹ ደግሞ የኬረላ ሰዎች ነው፤ ሚያዝያ 6 ወይም 7 ይውላል። በሉ እንጀምር።

በቪሻካፓትናም ዶክትሬቱን የሚማር ወንድማችን እንዲህ ይላል። ገና ሳይነጋጋ አከራዩ፣ አንዲት አዛውንት፣ በር አንኳኩተው በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ቡናማ ፈሳሽ ሰጡት። አንድ ማንኪያ ቀመሰ። መጀመሪያ ጣፈጠው፣ ቀጥሎ ኮመጠጠው፣ መጨረሻ ላይ እንደ ኮሶ መረረው። ውስጡ ደቃቅ አበባ አየና በማንኪያው ጫፍ እየለቀመ ሲያወጣ አዛውንቷ ተቆጡ። «ምንድን ነው ያጠጡኝ? ለምንስ ተቆጡ?»

የቀመስከው ኡጋዲ ፓቻዲ ይባላል። አዛውንቷም መቆጣታቸው ትክክል ነው።

ስድስት ነገር አለበት። ጣፋጩ ጃገሪ ነው፤ የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ተፈልቶ ሲረጋ የሚገኘው ቡናማ ስኳር። ኮምጣጣው ሁመር ነው፤ አንዳንዶቻችሁ ሮቃ የምትሉት። ከዚያ በደቃቁ የተከተፈ ጥሬ ማንጎ፣ ጨው፣ ቃሪያ ወይም ቁንዶ በርበሬ። መራራው የኒም ዛፍ አበባ ነው። ስድስቱም በአንድ ማንኪያ እንዲገቡ ተደርጎ ነው የሚሠራው።

እነዚህ ነገሮች ዝም ብለው አልተመረጡም። በዚያ አገር ኒም የሚያብበው በዚያው ሰሞን ነው። ማንጎው ገና አረንጓዴ ሆኖ ገበያ የሚወጣውም፣ አዲሱ ሁመር የሚገባውም ያኔ ነው። ስለዚህ ሳህኑ ውስጥ ያለው ወቅቱ ራሱ ነው።

አሁን በብዙ ቤት የዚያን ቀን ማለዳ ምን እንደሚሠራ ልንገርህ። የቤቱ ሰው በሌሊት ተነስቶ የሰሊጥ ዘይት ተቀብቶ ይታጠባል። ጉበኑ ላይ የማንጎ ቅጠል በክር ተሰክቶ ይንጠለጠላል። ደጃፉ ተጠርጎ፣ ውሃ ተረጭቶ፣ በሩዝ ዱቄት ይነቀሳል። ከዚያ የኒሙ ዘለላ ይመጣል። ሴትየዋ በሁለት መዳፏ መሐል ቀስ አድርጋ ታሸዋለች። ነጫጮቹ አበቦች ከእንጨታቸው ይረግፋሉ። ጭራሮውን እፍ ብላ ታበርርና አበባውን ብቻ ትሰበስባለች። ጊዜ የሚፈጅ፣ ትዕግሥት የሚፈልግ ሥራ ነው። አንተ ደግሞ ያንኑ አበባ አንድ በአንድ ለቅመህ አወጣኸው።

ቁጣቸው ግን ለልፋታቸው ብቻ አይመስለኝም። ፓቻዲው በባዶ ሆድ፣ ከማንኛውም ምግብ በፊት የሚቀመሰው ለምክንያት ነው። የሚመጣው ዓመት ደስታም፣ ሐዘንም፣ ቁጣም፣ ፍርሃትም፣ ያልታሰበ ነገርም ይዞ ይመጣል። የትኛው ጣዕም የትኛው ስሜት እንደሆነ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አይናገርም። መራራው ሐዘን፣ ጣፋጩ ደስታ መሆኑ ላይ ግን ሁሉም ይስማማል። በካርናታካማ ነገሩን አሳጥረው ኒምና ጃገሪ ብቻ አብረው ይሰጡሃል። ቤቩ ቤላ ይሉታል።

እኔ ይህን በዓል የምወደው ለዚህ ነው። አዲስ ዓመት ሲገባ ሁላችንም የምንመኘው መልካሙን ብቻ ነው። ሰላም፣ ጤና፣ ሀብት እንላለን። ጥሩ ምኞት ነው፤ እነሱም ይመኛሉ። ነገር ግን አንድ ሰው ከሥራ በተባረረበት ዓመት፣ ዕዳ አንገቱ በደረሰበት ዓመት፣ በበዓል ቀን ፊቱን አስተካክሎ መቀመጥ ይጠበቅበታል። ደስ ያላለው ሰው በዓሉ ላይ ቦታ የለውም። በኡጋዲ ማንኪያ ግን የዚያም ሰው ነገር አለበት። የመረረውም የጣፈጠውም ያንኑ ይቀምሳል። ማንም «አንተ ብቻ ነህ የመረረህ» አይባልም።

አሁን አሁን በትልልቅ ከተሞች ለወጉ ያህል ሁለት አበባ ጣል አድርገው ጃገሪውን የሚያበዙ አሉ። ለሕፃናት ይሁን። ለአዋቂ ግን እኔ አልወደውም። መራራው ከወጣ የቀረው ጣፋጭ መጠጥ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ትንሽ ማንኪያ ውሰድ፣ አታላምጥ፣ ዋጠው። ለአዛውንቷም ዛሬውኑ ሄደህ አበባውን እንዴት እንደሚያዘጋጁት ጠይቃቸው። ቁጣቸው ያኔ ይበርዳል።

«ቀለም የሚራጩበት ቀን ይኸው ነው?»

አይደለም። እሱ ሆሊ ነው፤ ጨረቃ ሞልታ ነው የሚውለው፣ ከኡጋዲ ሁለት ሳምንት ያህል ቀድሞ።

ከሪያድ የጻፈ ሾፌር ነገሩን ልብ ብሎ ሲከታተል ኖሯል። በ2016 ዓ.ም. ኡጋዲ የዒድ አልፈጥር ዋዜማ ዋለ። በ2017 ከዒድ ጋር ገጠመ። ዘንድሮም የረመዳን የመጨረሻ ቀን ላይ ሆነ። «የሥራ ባልደረቦቼ ሂንዱ ናቸው። በሂጅራ ነው እንዴ የሚቆጥሩት?»

ዓይንህ ጥሩ ነው፤ ጥያቄህም ከመጡልኝ ሁሉ ደስ ያለኝ ነው። በሂጅራ አይቆጥሩም። ሁለቱም ግን ጨረቃን ያያሉ። የኢስላም ወር የሚገባው አዲስ ጨረቃ ስትታይ ነው። የኡጋዲ ቻይትራም የሚገባው ጨረቃ ከጠፋች በኋላ እንደገና ማደግ ስትጀምር ነው። ስለዚህ ሁለቱ ወሮች ጎን ለጎን ከዋሉ፣ በዓላቱ አንድ ቀን ወይም በአንድ ቀን ልዩነት ይውላሉ።

አሥራ ሁለት የጨረቃ ወር 354 ቀን ገደማ ነው። ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያንሳል። ለዚህ ነው ኡጋዲ በ2016 ሚያዝያ 1፣ በ2017 መጋቢት 21፣ ዘንድሮ መጋቢት 10 እያለ ወደ ኋላ የመጣው። የሂጅራ ዓመት እንዲሁ እያለ ክረምት ከበጋ ይዞራል። ሂንዱዎቹ ግን በዓሉ ከማንጎውና ከኒሙ ወቅት እንዲርቅ አይፈልጉም። ስለዚህ በየ32 ወይም 33 ወሩ አንድ ትርፍ ወር ይጨምራሉ። አዲካ ማሳ ይባላል። ዘንድሮ ጄሽታ የሚባለው ወር ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ትርፉ ከግንቦት 9 እስከ ሰኔ 8 ነው።

ውጤቱን አስላው። በ2019 ዓ.ም. ኡጋዲ እንደገና ወደ ፊት ዘልሎ መጋቢት 29 ይውላል። ዒድ ደግሞ ወደ ኋላ መሄዱን ይቀጥልና ወደ የካቲት መጨረሻ ይጠጋል። የሦስት ዓመቱ ጉርብትና አበቃ ማለት ነው። በኛም በኩል ፋሲካ ከዓመት ዓመት የሚንቀሳቀሰው የባሕረ ሐሳብ ስሌት ጨረቃን ስለሚያስገባ ነው። መስከረም 1 ግን ንቅንቅ አይልም።

በሻርጃ በአንድ የኬረላ ቤተሰብ ቤት የምትሠራ እህታችን ደንግጣ ነው የጻፈችው። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የቤቱ እመቤት ቀሰቀሰቻት። «ዓይንሽን እንዳትገልጪ» ብላ በመዳፏ ሸፈነቻት። በጨለማ እየመራች ሳሎን ወስዳ «አሁን ግለጪ» አለቻት። ከፊቷ መብራት፣ ቢጫ አበባ፣ ፍራፍሬ፣ መስታወት። ቀጥሎ 50 ድርሃም እጇ ላይ አኖሩላት። «ጥንቆላ ነው ወይ? ብሩስ ከደመወዜ ይቆረጣል?»

አይዞሽ እህቴ። ቪሹ ነው። ያየሽው ቪሹካኒ ይባላል። በዓመቱ የመጀመሪያ ማለዳ ዓይን ሲገለጥ መጀመሪያ የሚያየው ነገር ያማረና የተትረፈረፈ ይሁን ነው ሐሳቡ።

ማታውኑ የሚያዘጋጁት ብዙ ጊዜ የቤቱ ትልቅ ሴት ናቸው። ከነሐስ በተሠራ ሰፊ ዕቃ ሩዝ ያደርጋሉ። በላዩ ቢጫ የበሰለ ኪያር፣ ለሁለት የተሰበረ ኮኮናት፣ ማንጎ፣ ሳንቲም፣ ወርቅ፣ የታጠፈ አዲስ ጨርቅ፣ መስታወት ያኖራሉ። ከጎኑ የአምላካቸው የክሪሽና ምስል ይቀመጣል። ቢጫው አበባ ኮና ነው፤ እንደ ወይን ዘለላ ወደ ታች የሚንዠረገግ፣ የኬረላ ክፍለ ግዛት መለያ አበባ። ሴትየዋ እዚያው አጠገቡ ይተኛሉ። ከሁሉ ቀድመው ነቅተው መብራቱን ይለኩሳሉ፣ ራሳቸው ያያሉ፣ ከዚያ ሌላውን ሰው በየተራ ዓይኑን ሸፍነው ያመጣሉ። ታሞ የተኛ ካለ እስከ አልጋው ድረስ ይወሰድለታል። በገጠርማ ከብቶቹም እንዲያዩት ይደረግ ነበር።

መስታወቱን ልብ በይው። እዚያ ውስጥ ያየሽው የራስሽን ፊት ነው፤ በአበባውና በፍሬው መሐል።

ሃይማኖታዊ ይዘት የለውም አልልሽም፤ ምስሉን አይተሻል። ጥንቆላ ግን አይደለም፤ ማንንም ለመጉዳት ወይም ለማሰር የሚደረግ ነገር የለበትም። ደግሞ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ዓይን ሸፍነው የሚያመጡት የቤታቸውን ሰው ነው። እመቤትሽ አንቺን እንደ ቤተሰብ ቆጥራ ነው የቀሰቀሰችሽ። አልፈልግም ማለት ከፈለግሽ ለከርሞ አስቀድመሽ በትህትና ንገሪያት።

ብሩ ያንቺ ነው። ቪሹካይኒታም ይሉታል፤ በቪሹ ታላቅ ለታናሽ የሚሰጠው ስጦታ። የሚቆረጥ ነገር አይደለም። ወር ሲያልቅ ደመወዝሽ ከጎደለ ዝም አትበይ፤ ጠይቂ።

«እንኳን አደረሳችሁ በቴሉጉ ቋንቋ እንዴት ይባላል?»

ቴሉጉ የአንድራና የቴላንጋና ሰዎች ቋንቋ ነው። «ኡጋዲ ሹባካንክሻሉ» በሉ። ለኬረላ ሰው በቪሹ «ቪሹ አሻምሳካል» በሉ። አነጋገራችሁ ቢንሻፈፍም ደስ ይላቸዋል።

በቤንጋሉሩ የምትኖር እጮኛ። ሊያገባት ያለው ሰው የካርናታካ ልጅ ነው። እናቱ ግን አዲሱ ዓመት «ፓራባቫ» የሚባል ስም አለው፣ ሽንፈትን የሚያስታውስ ስም ነው፣ ሰርጉ ለከርሞ ይሁን አሉ። «እውነት ለአንድ ስም ሲባል አንድ ዓመት ልጠብቅ?»

እሜቴን አክብሪ፤ ሰርጉን ግን በዚህ ምክንያት ብቻ አታራዝሚ።

ዓመቶቹ 60 ስሞች አሏቸው፤ በየተራ ይዞራሉ። ጁፒተር ፀሐይን ለመዞር ወደ 12 ዓመት፣ ሳተርን ወደ 30 ዓመት ይፈጅባቸዋል። 60 ላይ ስሌቱ ይገጥማል። እኛ ዘንድሮን ዘመነ ማርቆስ፣ መጪውን ዘመነ ሉቃስ እንደምንለው ነው፤ የኛ ተራ አራት፣ የነሱ ስልሳ መሆኑ ነው ልዩነቱ። ከስሞቹ መሐል ደስ የማይሉ ብዙ ናቸው። የ2016ቱ «ክሮዲ» ነበር፤ ቁጡ እንደማለት። በዚያ ዓመትም ህንድ ውስጥ ሰርጉ፣ ምርቃቱ፣ ሱቅ መክፈቱ አልቆመም። ያለፈው ፓራባቫ በፈረንጅ 1966 የገባው ነው። በዚያ ዓመት ያገቡ ሽማግሌዎች ዛሬ የልጅ ልጅ እያሳደጉ ነው።

የሠርግ ቀን የሚመረጠው በዓመቱ ስም ሳይሆን በቀኑና በሰዓቱ ነው። ለዚህ ነው ካህኑ ኡጋዲ ዕለት ፓንቻንጋም የሚባለውን የዓመቱን መቁጠሪያ ለሕዝብ የሚያነበው፤ ዝናቡን፣ እህሉን፣ በዓላቱን። በአንድራና በቴላንጋና መንግሥት በሚያዘጋጀው ሥነ ሥርዓት ላይ ሳይቀር ይነበባል። አንድ ልታከብሪላቸው የሚገባ ነገር ግን አለ። ቅድም በጠቀስኩት ትርፍ ወር፣ ከግንቦት 9 እስከ ሰኔ 8፣ ሂንዱዎች ሠርግ አይደግሱም። እሱን ዝለይላቸው። ለቀረው የቤተሰቡን ፑሮሂት፣ ማለትም ካህናቸውን፣ ይጠይቁ፣ ቀን ያወጣላቸዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን እጮኛሽን እናቱ ጋር ብቻውን ላኪው። የዓመት ስም ሲነሳ አንዳንዴ ከኋላው ሌላ ነገር አለ። የውጭ አገር ምራት ያስፈራቸው ሊሆን ይችላል። እሱን በስም መሸፈን አያስፈልግም፤ ፊት ለፊት ይነጋገሩበት።

ደግሞ ይቺን ያዢ። ሰው 60 ዓመት ሲሞላው የተወለደበት የዓመት ስም ተመልሶ ይመጣል። ያኔ ባልና ሚስት እንደገና የሚጋቡበት ሥርዓት አለ፤ ሻሽቲፑርቲ ይባላል። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ቆመው ያዩአቸዋል። ባልሽ ስልሳ ሲሞላው እንዳትረሺው።

ከድሬዳዋ፣ ግቢዋ ውስጥ የኒም ዛፍ ያላት እናት። ኒም ደም ያጠራል፣ ህንዶች ለዚህ ነው አዲስ ዓመት ላይ የሚበሉት ሲባል ሰምታለች። ስለዚህ ለስምንት ወር ሕፃኗ የኒም ዘይት በጠብታ ልትሰጥ አስባለች። ነፍሰ ጡር እህቷም ቅጠሉን አፍልታ መጠጣት ጀምራለች።

አትስጪ። ይህን መልስ ካነበብሽበት ደቂቃ ጀምሮ አትስጪ።

ኡጋዲ ላይ የሚቀመሰው ቁንጥር የማይሞላ አበባ ነው፤ በዓመት አንድ ቀን፣ በአንድ ማንኪያ። ከፍሬው የሚጨመቀው ዘይት ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። የኒም ዘይት የጠጡ ሕፃናት ተመርዘው ማስመለስ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ መንቀጥቀጥ፣ ከዚያም የጉበትና የአንጎል ጉዳት እንደደረሰባቸው፣ የሞቱም እንዳሉ በሕክምና መዛግብት ተጽፏል። እስካሁን ጠብ ያደረግሽለት ካለ ደህና ቢመስልም ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ ጠርሙሱንም ይዘሽ ሂጂ። እህትሽም ፍሉን አሁኑኑ ታቁም። ኒም ለነፍሰ ጡር አይመከርም፤ በባህል ሕክምና እርግዝናን ለመከላከል ሲሠራበት የኖረ ተክል ነው። ለእርግዝና ክትትል ስትሄድ ምን ያህል እንደጠጣች ሳትደብቅ ለሐኪሟ ትንገር። በዚህ ጉዳይ ጎረቤትም፣ ቲክቶክም፣ እኔም ሐኪምን አንተካም።

ዛፉን ግን አትቁረጪው። ለድሬ ፀሐይ እንደሱ ያለ ጥላ ከየት ይገኛል?

«አዲስ አበባ ላይ ፓቻዲ መሥራት እችላለሁ? ኒም ካጣሁ ግራዋ ልጨምርበት?»

ኧረ ግራዋ ይቅር! ግራዋ ጋን ማጠቢያ ነው። ኒም ካላገኘህ መራራውን ተወውና እንግዶችህ እንዲያውቁት ንገራቸው። ቆላ ዘመድ ካለህ በአበባው ወራት ደረቅ አበባ ይልክልሃል።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ እሳት አያስፈልገውም። የሎሚ ያህል ሁመር በሁለት ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ዘፍዝፈህ ጨምቀህ አጥልለው። ግማሽ ብርጭቆ የተፈረፈረ ጃገሪ አሟሟበት። ጃገሪ ከሌለ ቡናማ ስኳር ይሁን። ግማሽ ጥሬ ማንጎ ከነልጣጩ በደቃቁ ክተፍ። ቁንጥር ጨው፣ አንድ ትንሽ ቃሪያ ፍሬው ወጥቶ። አበባውን መጨረሻ ላይ ነስንስ። ለአራትና ለአምስት ሰው ይበቃል። ሲውል ሲያድር ይበልጥ ስለሚመር ወዲያው ይቀመስ።

ሁለት ደብዳቤዎች ስለ እምነት መጥተዋል፤ አብሬ ልመልሳቸው። አንዷ ሃይደራባድ ያለች ተማሪ ናት። ኦርቶዶክስ ናት፤ ኡጋዲ በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ላይ እየዋለባት ተቸግራለች። ጎረቤቶቿ ፓቻዲና ቦባትሉ ያመጡላታል። ትብላ አትብላ? ሁለተኛው ጸሐፊ ቆጣ ብሏል። «የጣዖት አምላኪ በዓል ለምን ታስተዋውቃለህ? የኛው እንቁጣጣሽ መች ተወርቶለት አለቀ?»

መጀመሪያ ለእህቴ። እውነቱን ሳልቀባባ ልንገርሽ። ፓቻዲው ሥጋም ወተትም ቅቤም የለበትም። በዕቃው ከሆነ የጾም ነው። ቦባትሉ ግን የፍስክ ነው። ከላይ የስንዴ ሊጥ፣ ከውስጥ ከጃገሪና ከሄል ጋር የተፈጨ የሽምብራ ክክ አለው፤ ብዙ ጊዜ የሚጠበሰው ደግሞ በቅቤ ነው። ሰዓቱም አለ። ፓቻዲ የሚቀመሰው በማለዳ ነው፤ አንቺ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ ያ ማንኪያ ጾምሽን ይፈታል።

ከዕቃው በላይ ግን ሌላ ጥያቄ አለ። በብዙ ቤት ፓቻዲው ለሰው ከመታደሉ በፊት በአምላካቸው ምስል ፊት ይቀርባል። «ተራ ምግብ ነው» ብዬ ባልፈው አታለልኩሽ ማለት ነው። በሁሉም ቤት ግን እንዲያ አይደለም። ጠይቂያቸው። «ለአምልኮ የቀረበ ነው ወይስ ለቤተሰብ ብቻ የተሠራ?» ማለት ነውር የለውም። አይቀየሙሽም። መልሱን ይዘሽ የነፍስ አባትሽን አማክሪ። ይህን ለወጉ አይደለም የምልሽ። የኅሊናሽን ነገር በጋዜጣ ዓምድ ላይ አትወስኚ። እዚያ ከተማ ካህን ካላገኘሽ ስልክ ደውዪ።

እምቢ ማለት ካለብሽ አትፍሪ። ሁለት እጅሽን ገጥመሽ «ጾም ላይ ነኝ» በያቸው። ጾም ለእነሱ እንግዳ ነገር አይደለም። በዚያው በኡጋዲ ቀን የሚጀምር ዘጠኝ ቀን አለ፤ ናቫራትሪ ይባላል። ብዙ ሂንዱዎች ይጾሙታል። ምናልባት ሳህኑን ይዛ የመጣችው ጎረቤትሽ ራሷ እየጾመች ይሆናል። ምግቡን ባትበዪም ደጃፍ ድረስ ሄደሽ እንኳን አደረሳችሁ ማለት፣ የሩዝ ዱቄት ንቅሱን ቁጭ ብለሽ ማየት፣ ልጆቻቸውን መሳም ትችያለሽ። ሳህኑን ባዶውን አትመልሺው። ሙዝ አድርጊበት።

አሁን ለቆጣው ወንድሜ። እንቁጣጣሽን እወዳለሁ፤ ብዙ ጽፌበታለሁ፣ ገናም እጽፍበታለሁ። ማወቅ ግን ማምለክ አይደለም። በንጉሡ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ሂሳብና ሳይንስ ያስተማሩት ህንዳውያን ነበሩ፤ ብዙዎቹም የኬረላ ሰዎች። አባትህን ጠይቀው፣ አንድ የህንድ መምህር ስም አያጣም። እነዚያ መምህራን የኛን በዓል ያውቁ ነበር። ጥምቀት ወጥተው አይተዋል፣ ለመስቀል ተጋብዘው በልተዋል። እኛ ግን የእነሱን ቪሹ መች እንደሚውል እንኳ ሳንጠይቅ ነው የሸኘናቸው። ከመሐላቸው ክርስቲያኖችም ብዙ ነበሩ። የኬረላዋ የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከኛዋ ጋር በእምነት አንድ ናት፤ በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤም ተገኝታለች። ኬረላ እንዲህ የተደባለቀ አገር ነው። ሁሉንም «ጣዖት አምላኪ» ብሎ በአንድ ጆንያ ማሰር ሰዎቹን አለማወቅ ነው።

ዛሬ ደግሞ ስንት ልጆቻችን በህንዶች ቤት ይሠራሉ፣ ከህንዶች ጋር በአንድ ክፍል ያድራሉ፣ በህንድ ዩኒቨርሲቲዎች ይማራሉ? የሻርጃዋ እህታችን ያን ሌሊት የፈራችው ማንም ስላልነገራት ነው። እኔ የምጽፈው ለእሷ ነው። አልተውም።

ከፑኔ፦ «ጎረቤቶቼ በሰገነታቸው ላይ ረጅም የቀርከሃ ዘንግ አቁመው ጫፉ ላይ ጨርቅና የተደፋ ዕቃ ሰቀሉ። ምን ማለት ነው?»

ጉዲ ነው። በማሃራሽትራ ያው ቀን ጉዲ ፓድዋ ይባላል። ዘንጉ ላይ ያማረ የሐር ጨርቅ፣ የኒም ቅጠል፣ ከስኳር የተሠራ ጉንጉን ይታሰራል። ከላይ የመዳብ ወይም የብር ዕቃ ይደፋበታል። የድል ምልክት ነው ይላሉ። ጀምበር ስትጠልቅ ይወርዳል። ፎቶ ማንሳት ከፈለግህ አስፈቅድ፤ ደስ እያላቸው ያስነሱሃል።

«የህንድ አዲስ ዓመት ዲዋሊ አይደለም እንዴ? የጉጅራት ነጋዴ ጎረቤታችን እንዲህ ነበር የሚሉን» የሚሉ የድሮ ፒያሳ ነዋሪ አባት ጽፈውልኛል።

አባቴ፣ ጎረቤትዎ አልተሳሳቱም። ለጉጅራቶች አዲሱ ዓመት የሚገባው በዲዋሊ፣ በመብራቶች በዓል፣ ማግስት ነው፤ በኛ ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ። ነጋዴው የአሮጌውን ዓመት ሂሳብ ይዘጋል። ዲዋሊ ዕለት አዲሱ መዝገብ ፊቱ ተዘርግቶ ይጸለይበታል፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የተቀደሰ ምልክት ይጻፍበታል። ዛሬ ላፕቶፓቸውን የሚያስቀምጡም አሉ። ቤንጋሎችም በሚያዝያው አዲስ ዓመታቸው ሱቅ ውስጥ አዲስ መዝገብ ይከፍታሉ፤ ለደንበኛ ጣፋጭ ያቀርባሉ፣ ደንበኛውም ዱቤውን ይከፍላል። ህንድ አንድ አዲስ ዓመት የላትም። ከሂንዱዎቹም መሐል በፀሐይ የሚቆጥር አለ፣ በጨረቃ የሚቆጥር አለ፤ በመጋቢት፣ በሚያዝያ፣ በጥቅምት የሚያከብር አለ። ስለዚህ «የህንድ አዲስ ዓመት መቼ ነው?» ብላችሁ የምትጽፉልኝ ሁሉ፣ እባካችሁ በመጀመሪያ የየትኛው ህንድ እንደሆነ ጨምሩበት።

«ለኡጋዲ ምሳ ተጠርቻለሁ። ምን ይዤ ልሂድ?»

ፍራፍሬ ወይም አበባ። ኬክ ከገዛሽ እንቁላል የሌለበት ይሁን፤ እንቁላል የማይበሉ አሉ። የቆዳ ቦርሳ ወይም ቀበቶ ስጦታ አድርገሽ አትውሰጂ። ጫማሽን በር ላይ አውልቂ፣ በቀኝ እጅሽ ብዪ። ምሳው ላይ ፑሊሆራ የሚባል በሁመርና በእርድ የተሠራ ቢጫ ሩዝ ይቀርባል፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲጨምሩልሽ እምቢ አትበይ። ቁርስ ሳትበዪ ሂጂ፤ ፓቻዲው በባዶ ሆድ ነው።